ያለ ዱቤ የተጾመ ረመዳን

ረመዳን የጾም ወር ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣ ከወሎ የመጣው ሰው በሰፈረበት ሰፈር ግን ከዓመቱ ወሮች ሁሉ ብዙ የሚበላበት ወር እሱ ነበር። ቀን ይጾማል፤ ማታ የቀኑም የማታውም የሚመጣው ወርም ተደምሮ ይበላል። ጾሙን ያዘዘው አላህ ነው፤ ሳምቡሳውን ያዘዝነው እኛ ነን። በዚህ የሚቀየም ካለ ይቀየም። የማወራው ያ ሳምቡሳ አንዲትን ልጅ ሊበላ ሲል እናቷ እንዴት እንደከለከለችው ነው።

እናቲቱ መዲና ትባላለች። ባሏ ከድሩ ይባላል፤ ሎጊያ ከተማ በአንድ ጋራዥ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ ቤቱ የሚመጣው በሁለት ወር አንዴ ቢሆን ነው። ደመወዙን ግን በየወሩ መጀመሪያ ከአሰብ በሚመለሱ ሾፌሮች እጅ ይልካል። መዲና በዚያ ገንዘብ ሦስት ልጆች ታበላለች። ትልቋ ሀምዳ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ሁለቱ ታናናሾች ወንዶች ናቸው፤ ሥራቸው መራብ ነው።

ገንዘቡ አሥራ አንዱን ወር ይበቃል። ረመዳን ላይ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱ ሳህን ነው። ጾም የሚፈታበት መግሪብ ሲቃረብ ሴቱ ሁሉ ለጎረቤቱ በሳህን ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ጣፋጭ ይልካል። የመጣ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ስድስት ሳምቡሳ የላከችልሽን ሰባት አድርገሽ ትመልሻለሽ፤ ሰባት ከመለስሽ ነገ ስምንት ይመጣል። እንዲህ እየተባለ ሳህኑ ከቤት ወደ ቤት እየከበደ እስከ ሃያ ሰባተኛው ሌሊት ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ዘይትና ሥጋ የማን ደመወዝ ይችለዋል? የቀበሌው ሱቅ እንደሆነ ዘይትና ስኳር የሚያድለው በወር አንዴ ነው፤ ያውም ፀሐይ ላይ አሰልፎ፣ የራሱ ሰዎች ከወሰዱ በኋላ። ስለዚህ ሁሉም ወደ አብዱሰላም ሱቅ ይሄዳል።

አብዱሰላም ሁልጊዜ አለው፤ ከየት እንዳመጣው አይጠየቅም። ዱቤ የሚሰጠው ፈገግ ብሎ ነው። አይጽፍም፤ አይረሳም። ሰው ሁሉ ደግ ሰው ይለው ነበር።

ደግነቱ በኡምሰልማ ታየ። ኡምሰልማ ከመዲና ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖር ጎረቤት ናት። አምና ወሩን ሙሉ በዱቤ ሳህን ስትሞላ ቆየች። ዒድ ሲያልፍ ሽማግሌ መጣ፤ አብዱሰላም ልጇን ሙስሊማን፣ በአሰብ መንገድ ዲቾቶ ላይ ምግብ ቤት ላለው ለወንድሙ ልጅ ፈለጋት። ሽማግሌዎቹ ስለ ዱቤው አንድ ቃል አልተነፈሱም። መተንፈስም አላስፈለጋቸው። የኡምሰልማ ባል አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ፤ ዱቤ የበላ አፍ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ዱቤው የሙሽራዋ ጥሎሽ፣ መህር ነው ተብሎ ተተወ። ልጅቱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ከጭነት መኪና ላይ ተሳፈረች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መህሯ እናቷ ለጎረቤት የላከችው ሳምቡሳ ሆነ ማለት ነው። ሰፈሩም በሰርጉ በላ፤ እልልም አለ።

በ1978 ረመዳን በግንቦት ገባ፤ አዋሽ ላይ ጥላ ራሱ የሚያተኩስበት ጊዜ ነው። ወሩ ሊገባ ሲል የአብዱሰላም ሚስት ሀምዳን መንገድ ላይ አስቁማ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና አማን ልጇ ሱቁን ሊረከብ መሆኑን ነገረቻት። አማን ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ውሎው ጫት ላይ የሆነ ሰው ነው። ሀምዳ ይህን ለእናቷ እየሳቀች ነገረቻት። መዲና አልሳቀችም።

የዚያኑ ዕለት ልጆቿን አስቀምጣ ነገረቻቸው። ዘንድሮ ከአብዱሰላም ሱቅ ገንዘቡ በእጅ ካልተያዘ ምንም አይወጣም። የወሩ ገንዘብ የወሩን ያበላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

«ካነሰሳ?» አለች ሀምዳ።

«ጾም አይደል እንዴ» አለች እናቷ።

ከዚያ ማብሰል ጀመረች፤ ማብሰል ስል ድስት መጣድ ብቻ ማለቴ አይደለም። ማሽላ ገዛች፤ ጤፉ እርሾውን ለመያዝ ያህል ብቻ ተቀላቀለበት። ሳምቡሳ ከቤቱ ወጣ። ጾሙ የሚፈታው በውሃ፣ ለሁለት በተከፈለ ተምርና በተከካ ስንዴ ሾርባ ሆነ። ለሾርባው ከልኳንዳ አጥንት ታመጣለች፤ አንዱ አጥንት ሁለት ቀን ይቀቀላል። የመጀመሪያው ቀን መረቅ ሾርባ ይሆናል፤ የሁለተኛው ቀን መረቅ ሽሮ ይበጠበጥበታል። ሽንኩርቱን በደረቁ ታቁላላለች፤ ዘይት የሚገባው ሊበስል ሲል ነው፣ እሱም በማንኪያ። ያደረ እንጀራ በግንቦት ፀሐይ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ድርቆሽ ይሆናል፤ በምስር ወጥ ተፈርፍሮ ሌሊት ለሚበላው ለሱሁር ይቀርባል። ከሰል የሚያያዘው ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት ወዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሱሁሩም ምግብ በዚያው እሳት በስሎ፣ ድስቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የሁለት እሳት ከሰል መክፈል የሚችል ይክፈል።

ሀምዳ በሦስተኛው ቀን አጉረመረመች። የነኡምሰልማ ቤት የጥብስ ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል አለች።

«ሽታው በነፃ ነው» አለች መዲና፤ «አሽትቺ።»

ሳህኑ ግን በመጀመሪያው ማታ መጥቶ ነበር፤ የኡምሰልማ ነው፣ ሳምቡሳው እስከ አፉ ተቆልሏል። መዲና ምግቡን ተቀብላ አመሰገነች። ሳህኑን አጥባ ባዶውን መለሰች፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትልክልኝ፣ እኔም አልልክም የሚል መልእክትም አከለችበት። ኡምሰልማ ጾሟን በቅጡ ሳትፈታ ነጠላዋን እየጎተተች መጣች።

«መዲና፣ ሳህኔን ባዶውን መለስሽልኝ?»

«አጥቤ ነው የመለስሁልሽ።»

«ምን በደልሁሽ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«ቋጣሪ ይለኛል። ይበለኝ።»

«እኔ የላክሁልሽ ወድጄሽ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። አንቺ ስትልኪ እኔ እልካለሁ። እኔ እንድልክ አብዱሰላም ይሰጠኛል። አብዱሰላም ሲሰጠኝ ሀምዳን ይወስዳል። ሙስሊማን የበላት ይኸው ሳህን አይደለም?»

ኡምሰልማ በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ሄደች፤ ብዙ ቀንም ሰላምታ አልነበራቸውም። ሰፈሩ ለመዲና «ባዶ ሳህን» የሚል ስም አወጣላት። ውሃ ስትቀዳ በጀርባዋ ይስቃሉ። በዱቤ ዘይት የሚጠብስ ሁሉ በገንዘቡ ሽሮ በሚያበስል ሲስቅ ማየት ደም ያፈላል። ስቀውም አላበቁ፤ ባሏ ትቷት ነው ብለው አወሩ። እሷ እንስራዋን ሞልታ ትመለሳለች።

አብዱሰላም ነገሩን ቶሎ አላመነም። ሱቁ ደጃፍ ስታልፍ ጠራት።

«እት መዲና፣ ዘንድሮ ምን አስቀየምሁሽ? ዘይት አለ፣ ሩዝ አለ። ውሰጂ እንጂ፣ ማን ጠየቀሽ?»

«ጋሽ አብዱሰላም፣ ግማሽ ኪሎ ጨው። ይኸው ገንዘቡ።»

ወሩ በዚህ አኳኋን ቢያልቅ ወሬም አይሆን ነበር። ከወሩ ግማሽ በኋላ ግን ትንሹ ልጅ ወባ ያዘው። ክሊኒክና መድኃኒት የማሽላውን ገንዘብ በሉት። ከዚያ ወዲያ አጥንትም ቀረ፣ ተምርም ቀረ። የቀረው ማሽላ ለእንጀራ ስለማይበቃ ንፍሮ ሆነ፤ ከላዩ ጨውና በርበሬ ይነሰነስበታል። መዲና የራሷን ድርሻ ወደ ልጆቹ ስትገፋ ሀምዳ መልሳ ወደ እናቷ ትገፋለች። የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚበላው የአብዱሰላም ዱቤ፤ ከቤቷም እስከ ሱቁ አንድ ጩኸት አይሞላም። አልሄደችም።

አብዱሰላም ይህን ሰማ። እሷ አልመጣ ስትል እሱ በሚስቱ እጅ ትልቅ ቅርጫት ላከ። ስኳር፣ ተምር፣ ሩዝ፣ አንድ ጣሳ ዘይት። የረመዳን ስጦታ ነው፣ ዱቤ አይደለም፣ ለታመመው ልጅ ብላችሁ ተቀበሉ ብላ አስቀምጣው ሄደች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከፋው። ዱቤን እምቢ ማለት ይቻላል። የረመዳንን ስጦታ መመለስ ግን የላከውን ሰው በአደባባይ መስደብ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ ይፈርድባታል። መብላት ደግሞ ገመዱን ራሷ አንገቷ ላይ ማጥለቅ ነው። ልጆቹ ቅርጫቱን ከበው ቆሙ። ከወባ የተነሳው ትንሹ ልጅ አንድ ተምር አንስቶ እናቱን አየ።

«መልሰው» አለችው።

መለሰው፤ እያለቀሰ ነው የመለሰው። ልጅን ከተምር ጋር ያዋጋ ሀብታም የጾመው ጾም ምን ይባላል? ይህን ዐሊሞች ይመልሱ፤ እኔ ስሙን አላውቀውም።

መዲና ቅርጫቱን በራሷ ተሸክማ ወደ መስጊዱ ግቢ ሄደች። መግሪብ ሊደርስ ነበር። በዚያ ሾፌሮችና የባቡር መንገደኞች በምንጣፍ ላይ ተደርድረው አዛን ይጠብቃሉ፤ ኢማሙም ቆመዋል። ቅርጫቱን ፊታቸው አስቀመጠችና ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ሸኾች፣ ይህ የጋሽ አብዱሰላም ሰደቃ ነው። ለመንገደኛ ማፍጠሪያ ይሁን ተብሎ በኔ እጅ መጥቷል። ዱዓ ያድርጉለት።»

ኢማሙ እጃቸውን ዘርግተው አብዱሰላምን በስሙ ጠርተው ረጅም ዱዓ አደረጉለት። አብዱሰላም ከፊት ሰልፍ ተቀምጧል። መንገደኛው ሁሉ አሚን ሲል እሱም አሚን አለ። ሌላ ምን ይላል? ስጦታው አልተመለሰበትም፤ ግን መዲና ቤት አንድ ፍሬ አልቀረም። እነሱ ቤት ያን ማታ ንፍሮ ተበላ።

ዒድ ደረሰ፤ ከድሩም በሲሚንቶ መኪና ከሎጊያ መጣ። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች የአብዱሰላምን ጥያቄ ይዘው ገቡ። ከድሩ ሰው ፊት እምቢ ማለት የማይችል፣ ቢረግጡትም ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ መዲናም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ በጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች። ሀምዳ አጠገቧ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች። ሽማግሌዎቹ ስለ ጉርብትና፣ ስለ አገር ልጅነት፣ አማን እንዴት ያለ ልጅ እንደሆነ ተናገሩ። ስለ ዱቤ አላነሱም፤ እንደ አምናው ይሠራል ብለው ነው።

ከድሩ ላቡን ጠረገና ወደ ጓዳው ዞረ።

«መዲና፣ የጋሽ አብዱሰላም በኛ ላይ ያለ ነገር አለ?»

«የለም» አለች ከመጋረጃው ጀርባ። «የክብሪት እንጨት እንኳ የለብንም።»

ከድሩ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«እንግዲያው አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። «ልጄ ፈተና አለባት። ከዚያም በኋላ ትማራለች። አክብራችሁ መጥታችኋል፣ አላህ ያክብራችሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እየተነሳ፣ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ ባለሱቅ እንደሚያስፈልገው ከድሩን አስጠነቀቀው። መዲና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ክፉ ቀኑ መጥቶ ሄዷል፣ አባቴ» አለች። «ንፍሮ በልተን አሳለፍነው።»

አብዱሰላም ከዚያ ወዲያ ለመዲና በገንዘብም መሸጥ ተወ። መደርደሪያው ሞልቶ እያየችው «አልቋል» ይላታል። ጨውና ሳሙና በሾፌሮች እጅ ከሎጊያ ይመጣላት ጀመር፤ ሌላውን ባቡር ሲቆም ከተሳፋሪ ነጋዴዎች ትገዛለች። ሀምዳ ሰኔ ላይ ተፈተነች።

ሀምዳ በተፈተነች ማግስት ኡምሰልማ መጣች። መዲና ምስር እየለቀመች ነበር። ኡምሰልማ ሳትጠራ ገብታ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ያንን አጥንት እንዴት ሁለት ቀን እንደምታበስለው ጠየቀቻት።

መዲና ቀና ብላ አየቻት።

«የሙስሊማ ታናሽ አሥር ዓመቷ ነው» አለች ኡምሰልማ። «ከአሁን ካልጀመርሁ አልደርስም።»

መዲና ሰፌዱን ለሁለት እንዲመቻቸው ወደ መካከል ገፋ አደረገችውና የአጥንቱን ነገር ከልኳንዳው ጀምራ ትነግራት ጀመር።