ቆርቆሮው ለማን ይሁን

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ሞጣ ሲገባ፣ እኔ የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነበርሁ። ቆርቆሮው የሚበቃው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። ወይ የሞጣ ገበያ በፕላን ተሠርቶ ይከደንበታል፣ ወይ ከቢቸና በሚመጣው መንገድ ዳር ያለችው የአባቴ አገር አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ትከደንበታለች። ገዥው የሕዝቡን ሐሳብ ልስማ ብለው ስብሰባ ጠሩ።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይም መስሎኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ የሣር ክዳን ናት። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው በመቅደሱ ግድግዳ እየወረደ ሥዕሎቹን ይልጣቸዋል። ያን ዓመት የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግሮቹ ተጠርገው ሆዱና ራሱ ብቻ ቀርተው ነበር። ገበያውም ጭቃ ነው፣ አልክድም፤ ባለቤቴ ጨው የምትሸጥበት ደጅ በሐምሌ ሰው አያስቆምም። ግን ጭቃ መስከረም ሲጠባ ይደርቃል፤ ያ ፈረስ ከሄደ ሄደ። ይህንኑ ተነሥቼ ተናገርሁ። ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና ስትገላምጠኝ ላለማየት ዓይኔን ገዥው ላይ ተክዬ ነበር።

ከዚያ አባቴ ተነሡ። ለስብሰባው ሲሉ በበቅሎ መጥተው እኔው ዘንድ ነበር ያረፉት። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ "ጌታዬ፣ ቆርቆሮው ለገበያው ይሁን። ለእኛስ ሣሩ ይበቃናል" አሉ።

ግራ ገባኝ። ገበሬው ለከተማ፣ ከተሜው ለገጠር ተከራካሪ ሆነን ቁጭ አልን። ሰዉ ሳቀብን። እኔ ንድድ ብሎኝ ስንወጣ በር ላይ ያዝኋቸው።

"ምነው አባባ፣ ያን ግድግዳ ዝናብ ሲበላው ዝም ይላሉ?"

"ግድግዳውንማ እወደዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ደቡቡን የሚከድን ማን ነው?"

"እናንተ ናችሁ።"

"እናቴ የት ነው ያረፈች?"

"በደቡብ በኩል።"

"እንግዲህ" አሉና በቅሏቸውን ሊጭኑ ሄዱ።

የአገራችን ልማድ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ክዳን ለየጎጡ ተከፍሏል። የእኛ ጎጥ ድርሻ ደቡቡ ነው፤ ኅዳር ላይ ሣሩን አጭዶ ይከድናል። በየትኛውም በኩል የከደነ ሰው በዚያው በኩል ይቀበራል፤ ሌላ አይገባበትም። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ግን ከቆርቆሮ ጋር ምን አገናኘው? ቆርቆሮ መቃብር አይነቅልም።

ቆርቆሮው ለቤተ ክርስቲያኗ ተወሰነ። ገዥው ከመጀመሪያውም ሐሳባቸው ወደዚያው ነበር ይባላል። ሥዕሎቹ ተረፉ፤ እሰየው አልሁ። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እስካሁን አልገባኝም። "ክዳኑ የሁላችን ከሆነ መሬቱም የሁላችን ነው" የሚል ሰው በዛ፤ ሐሰት ነው እንዳልል ሐሰት አይደለም። በደቡብ በኩል ከአያቴ መቃብር አጠገብ ለአባቴ የታሰበውን ባዶ ቦታ የሰሜኑ ጎጥ ሰዎች ለአባታቸው ቆፈሩት። አባቴ ቆመው አይተው፣ ነፍስ ይማር ብለው ተመለሱ። ኅዳር ሲደርስ ደግሞ ሣራቸውን አጨዱ። ለምን ብላቸው ማጨዳቸውን ቀጠሉ።

ሲታመሙ ሞጣ አመጣኋቸው። ክረምት ነበር፤ ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ገበያው መሐል ሲደርሱ እስከ ቅልጥማቸው ጭቃ ገቡ። ባለቤቴ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊያርፉ ሲሉ፣ "አገር ቤት እንዳትወስደኝ። እዚሁ ቅበረኝ" አሉኝ።

"ምነው አባባ፣ አገርዎ እኮ ነው።"

"የቱ ጋ?" አሉኝ።

ይህችን አንዲት ጥያቄ መመለስ ያቃተው መምህር ምን ያስተምራል?

በማግሥቱ ሬሳቸውን ሞጣ ካለው ደብር ወሰድን። ካፊያ ነበር። ቄሱ ደህና ሰው ናቸው፤ ገና ሲያዩኝ ሐዘኔን ተካፈሉና፣ "እዚህ ጎጥ የሚባል የለም፣ ሁሉም ቦታ አንድ ነው። በየት በኩል ይሁንልህ ልጄ?" አሉኝ።

"በደቡብ" አልሁ።

"እሺ፣ አሳያቸው" አሉኝ።

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርሁ፣ ደግሜ ዞርሁ። በየሳምንቱ የምሳለመው ግቢ ነው። ደቡብ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።