ባልዳሳሬ የተፏጨበት ቀን

ተዋናዩ ባልዳሳሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ፣ ከአገሩ ተሰዶ ደሴት ላይ የሚኖር አስማተኛ ሆኖ ተጫውቷል። በጣሊያን ከተሞች በፌራራም በማንቱዋም ሰው ስሙን አያውቅም፤ መንገድ ላይ ሲያዩት «አስማተኛው መጣ!» ይላሉ። ተዋናይ የያዘውን ገጸ ባሕርይ እስኪሞት አይለቅም፤ ከመድረክ የሚያወርደው የተመልካች ፉጨት ብቻ ነው። ሲያልቅ አያምር ሆነና ሽማግሌው ቃል ይጠፋው ጀመር። የተዋንያኑ ቡድን አለቃ ቴባልዶ ደግሞ ቦታውን ለእህቱ ልጅ አስቦታል። ባልዳሳሬ ከወረደ የሚጠብቀው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ሌላ ሙያም ቤትም የለው።

ከጾም በፊት በሚደረገው ጭፈራ፣ በካርኒቫል ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት የትዕይንቱ ቅደም ተከተል የተጻፈበት ወረቀት እንደ ወትሮው መጋረጃው ጀርባ ተቸነከረ። ንግግሩን እያንዳንዱ ከራሱ ያመጣል፤ ማን መቼ እንደሚወጣ የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ባልዳሳሬ አጨንቁሮ አነበበ፦ «አስማተኛው በበትሩ ወለሉን ሦስቴ ይመታል፤ መናፍስት ይመጣሉ።» እሱ ዞር ሲል ቴባልዶ ሌሎቹን ሰበሰበ።

«ዛሬ ሲጠራችሁ ማንም ንቅንቅ እንዳይል። ከሬሳ ጋር ስንጫወት ልንኖር ነው እንዴ?»

«አባቴ እኮ ነው፣» አለች ኦርሶላ። በመድረክም በእውነትም ልጁ ናት።

«የአፍቃሪዋን ገጸ ባሕርይ መጫወት ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

የመድረክ ልብሷን ልትለብስ ሄደች። እግዜር ይይላት።

ትዕይንቱ ተጀምሮ ባልዳሳሬ ወለሉን በበትሩ ሦስት ጊዜ መታ። ማንም አልመጣም። ደግሞ መታ።

«መናፍስቱ ምሳ ላይ ናቸው!» አለ አንዱ ተመልካች ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ፉጨቱ ተከተለ። ሽማግሌውን ላብ አጠመቀው።

«ልጄ፣ አንቺ እንኳ ጥሪልኝ፣» አላት አጠገቡ የቆመችውን ኦርሶላን። ይሄ ጨዋታ አልነበረም፣ ልመና ነበር።

ኦርሶላ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ምን አስማት አለውና! አብዶ ነው ከአገሩ ያባረሩት! እኔም ልጁ አይደለሁም፤ ከባሕር ዳርቻ ለቅሞኝ ነው!»

ባልዳሳሬ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ፉጨቱ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ፤ «ይደገም! ይደገም!» ተባለ።

ቴባልዶ ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ። መጋረጃው ጀርባ የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ጋሽ ባልዳሳሬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ቦታዎን ማንም አይነካብዎትም። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እንዲህ ነው የምናደርገው። ልቅሶውን ብቻ እንዳይረሱ።»

ኦርሶላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ቀና ብላ አባቷን ልታይ አልቻለችም። ባልዳሳሬ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ነገ ‹ልጁ አይደለሁም› የምትይውን ረጋ ብለሽ፣ ጮክ አድርገሽ በይው፣» አላት። «ዛሬ ሳቁ ዋጠብሽ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙትም።»