የአቶ እንደሻው ወንበሮች ፀሐይ የሞቁ ዕለት

ሐረር ውስጥ የማይሰበሰብ ነገር የለም። አንዱ መሬት ይሰበስባል፣ አንዱ ቂም ይሰበስባል፣ ፈላና በር አጠገብ ሻይ ቤት የምንውለው ደግሞ የሰው ወሬ እንሰበስባለን። አቶ እንደሻው ግን ወንበር ይሰበስባሉ። ያውም ማንም እንዳይቀመጥበት።

ወንበር ሲባል የፕላስቲኩ እንዳይመስላችሁ። የእሳቸው ወንበር ስስ የእንጨት ንጣፍ በሙጫ እየተደራረበ፣ በትኩስ መጫኛ ተጨምቆ የታጠፈ ነው። ኮምፔንሳቶ ነው፤ ግን እኛ ጣሪያ ላይ የምንመታው ዓይነት አይደለም። መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ ሆኖ፣ ልክ የሰው ጀርባ አስቦ የተኛ ይመስላል። የዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት ገደማ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ፣ በጭነት መኪና የደንገጎን ዳገት የወጣ ነው ይላሉ። አቶ እንደሻው ስለዚያ ዳገት ሲያወሩ ለሰማቸው ሰው፣ ወንበሮቹ በአራት እግራቸው እያለከለኩ የወጡት ነው የሚመስለው።

ነገሩ የጀመራቸው ግምጃ ቤት ጠባቂ በነበሩበት መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ቀን የሚሽከረከር ወንበር መጣ። አሮጌዎቹ ወደ ጓሮ ተጣሉ። አለቃው በአዲሱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ራሳቸውን ትንሽ ካዞራቸው በኋላ፣ "ለማገዶ ይሁኑ" ብለው አዘዙ። አቶ እንደሻው ዝናብ ሲመታቸው አይተው አልቻሉም፤ አስፈቅደው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። በዚያው ቀጠሉ። ከተዘጋ ሲኒማ፣ ከጥርስ ሐኪም መጠበቂያ፣ ባለቤቱ ከሞተ ሆቴል እያሉ ቤታቸውን ሞሉት። ቤቱ አንድ ክፍልና ተኩል ነው። ግድግዳው ላይ ወንበር ተሰቅሏል፣ ከአልጋው ሥር ወንበር ተኝቷል፣ ከአልጋው በላይም ተኝቷል የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም፤ አየን ብለው የሚምሉ ግን ሞልተዋል። እዚያ ቤት የገባ ሰው ለመቆም ራሱ ከወንበር ፈቃድ ይጠይቃል።

ሚስት የላቸውም። በደህናው ዘመን ሽማግሌዎች ተናኘወርቅ የምትባል ደህና ሴት ከአክስቷ ጋር ቤታቸውን እንድታይ ይዘው መጥተው ነበር። ገብታ ልትቀመጥ ስትል፣ "እባክሽ፣ ወደኋላ ብዙ አትደገፊ" አሏት። አልተደገፈችም። ተመልሳም አልመጣችም።

ያኔ ሳቅን። የሚያስቀው ያለቀው ባለፈው ክረምት ነው።

አጥር ለአጥር የሚዋሰኗቸው የወይዘሮ ገላነሽ ባል ሞቱ። የእድሩ ወንበር ሁሉ ሌላ ለቅሶ ላይ ነበር። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገብረመድኅን፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ ጀጎልን የሚዞር ጡረተኛ ሾፌር፣ የአቶ እንደሻውን በር አንኳኩ።

"እንደሻው! ወንበርህን አውጣ፤ ሰው ቆሟል።"

አቶ እንደሻው በሩን አፍንጫቸው እስኪወጣ ብቻ ከፈቱት። "ዝናብ ነው እኮ። እነዚህ ውኃ ከነካቸው ንጣፉ ይከፈታል።"

"ሰውየው ሞቷል እኮ!"

"ገብቶኛል። እነሱ ግን አልሞቱም።"

እንግዲህ ይህን ቃል አንዴ ሰው ከተናገረው መልሶ የሚውጠው አይደለም። ለቀስተኛው በድንጋይና በለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ወይዘሮ ገላነሽ ባሏን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ሆና አለቀሰች። ወዲያው እድሩ ተሰበሰበና፣ "ወንበር የነፈገንን ትከሻ እንነፍገዋለን" ብሎ አቶ እንደሻውን አስወጣ።

ከእድር የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለሐረር ሰው አይነገርም። የሚሸከም የለም፣ የሚቆፍር የለም፣ ድንኳን የለም። አቶ እንደሻው ሞትን ራሱን ብዙም አይፈሩትም። የሚፈሩት ሞተው፣ በር ተዘግቶ፣ ማንም ሳያውቅ መክረማቸውን ነው። ይህንንም የተናገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሮጌ ወንበር እያደነ ለሚያመጣላቸው ለቆራሌው ለሙሜ።

"እኔ አለሁ አይደል ጋሼ? ወላሂ፣ እየመጣሁ አያለሁ" አለ ሙሜ።

"አንተ የምትመጣው ወንበር ስታገኝ ነው።"

"ኢንሻአላህ አገኛለሁ።"

"ባታገኝስ?"

ሙሜ ጆንያውን አንስቶ ወንበር ፍለጋ ወጣ።

ክረምቱ አለፈ። ያ ክረምት ድንጋይ ያበቀለ ክረምት ነበር፤ የፈላና በር ግንብ ራሱ ጉንፋን ይዞት ነበር ቢባል ማንም አይከራከርም። የአቶ እንደሻው ቤት ረጠበና የብዙዎቹ ወንበሮች ንጣፍ ጫፍ ጫፉ ላይ ከንፈሩን ከፈተ። ሽማግሌው ሙጫ ጨመሩበት፣ በገመድና በቁራጭ ጣውላ ጠፍረው አሰሩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ቨርኒሽ ቀቡት። ከዚያ ማድረቅ መጣ። ግቢያቸው ፀሐይ አይገባውም። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ወንበሮቹን አንድ በአንድ አውጥተው፣ በራቸው ፊት ለፊት ባለው ሰፋ ያለ ቦታ ደረደሩ። ቦታው እንዲበቃ ብለው በረድፍ፣ ፊት ለፊት አድርገው ደረደሯቸው። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ደግሞ ቨርኒሹ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከግንቡ እስከ ስልክ እንጨቱ ሸራ ወጠሩበት። የቨርኒሹ ሽታ ራሳቸውን ስለ ወቀራቸው ገብተው፣ በሩን ዘግተው ጋደም አሉ።

እስቲ አሁን ከውጭ ሆናችሁ እዩት። ሸራ ተወጥሯል። ከሥሩ ወንበር በረድፍ ተደርድሯል። በሩ ዝግ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ደጅ ላይ ድንኳን ካያችሁ፣ ማን ሞተ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ወይዘሮ ገላነሽም አልጠየቀችም። ከገበያ ስትመለስ አየችው፤ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ፤ ቲማቲሙ እስከ ፈላና በር ተንከባለለ።

"ወይኔ እንደሻው! ወይኔ ጎረቤቴ! ብቻህን?"

ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ መጣ። እኛም ሻያችንን ጥለን መጣን። የሱቁ መጣ፣ የባጃጁ መጣ፣ ከጀጎል ለሌላ ጉዳይ የወጣው ሁሉ ጉዳዩን ትቶ መጣ። ሽታውን ሰው ሁሉ የሬሳ ሣጥን እየተቀባ ነው ብሎ ተረጎመው፤ ውስጥ እየገነዙት ነው ስለተባለም በሩን ያንኳኳ የለም። ወንበሩ ሞላ። አቶ ገብረመድኅን አካፋ ይዘው ደረሱ።

"ደንቡ አይፈቅድም" አሉ፣ ኮታቸውን አውልቀው እየተቀመጡ። "በደንቡ መሠረት እኔ እዚህ የለሁም። ቀባሪ ግን ልኬያለሁ።"

አቶ እንደሻው በወይዘሮ ገላነሽ ጩኸት ነቅተው ነበር። በመስኮቱ ሽንቁር ሲያዩ ወንበሮቻቸው ላይ ሰው ሞልቷል። የመጀመሪያ ሐሳባቸው፣ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ "ቨርኒሹ!" የሚል ነበር። እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ። ከፍተው ቢጮኹ ወንበሮቹ ይድናሉ፤ ሰዎቹ ግን ይነሣሉ። እነዚያ ወንበሮች ቤታቸው ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ሞልተው አያውቁም። ሰው ተደግፎባቸዋል፤ አንዱ እግሩን አጣጥፎባቸዋል፤ ወይዘሮ ገላነሽ ራሷን መደገፊያው ላይ ጥላ ታለቅሳለች። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጡ ጀመር።

"ጥሩ ሰው ነበር" አለ አንዱ።

"በጣም።"

"ምን አደረገልህ?"

"እሱንማ... ዝምተኛ ነበር።"

"አዎ፣ ዝምታውስ ጥሩ ነበር።"

ከዚያ ወሬው አለቀ። ሐረር ላይ ወሬ ሲያልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ለዘመድ ይደወል እንጂ" አሉ አቶ ገብረመድኅን። "ዘመዱ ማነው?"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወንድም አዲስ አበባ አለው ያለ ነበር፤ ያ ሌላ እንደሻው ሆኖ ተገኘ። እህት ነበረችው ተባለ፤ ሞታለች ተባለ። ስልኩን ከኪሱ ያወጣው ሁሉ ለማን እንደሚደውል ጠፍቶት መልሶ ከተተው። በመስኮቱ ውስጥ አቶ እንደሻው ራሳቸውም እያሰቡ ነበር፤ የሚደወልለት ሰው ቢያገኙ ከውስጥ ሆነው ይጠቁሙ ነበር። አላገኙም።

"ሙሜን ጥሩት" አለች በመጨረሻ ወይዘሮ ገላነሽ። "በሩን ሲያንኳኳ ያየሁት እሱን ነው።"

ሙሜ በሩጫ መጣ። ጆንያው ጀርባው ላይ ነው፤ እንባው ጉንጩ ላይ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" እያለ ለመቀመጥ አንዱን ወንበር ያዘ። መዳፉ ተጣበቀ። እጁን አላቆ አየው፣ አሸተተው፣ የተዘጋውን በር አየ።

"አቦ! ይሄ እኮ ገና አልደረቀም!"

"ታዲያ ምን ይሁን?" አሉ አቶ ገብረመድኅን።

"ማን ቀባው? ጋሼ ናቸዋ የቀቡት! ዛሬ! የሞተ ሰው ቨርኒሽ ይቀባል?"

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ማለቴ ሊነሣ ሞከረ። ተርርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መላው ፈላና በር ሱሪው የተቀደደ ነበር የሚመስለው። የነጠላ ክር ቀረ፣ የኮት ጀርባ ቀረ፣ አንድ ሰውዬማ ወንበሩን ተሸክሞት ተነሣ። ይኼኔ በሩ ተከፈተ። አቶ እንደሻው በካልሲያቸው ወጡ።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ።

"አንተ!" አሉ አቶ ገብረመድኅን፣ ከወገባቸው በታች እያብረቀረቁ። "ሞተህ ከሆነ ተኛ! ካልሞትክ ደግሞ ተናገር እንጂ!"

"ልናገር ነበር።"

"መቼ?"

አቶ እንደሻው መሬት መሬት አዩ። "ትንሽ እንድትቆዩልኝ ብዬ ነው።"

የሳቀ ነበር፣ የተራገመ ነበር። ሁሉም ግን ሄደ። አቶ ገብረመድኅን አካፋቸውን እንኳ ረስተው ሄዱ። ሙሜም መዳፉን በጋዝ ሊያስለቅቅ ሄደ። ወይዘሮ ገላነሽ ብቻ ቲማቲሟን እየለቀመች ቀረች። አቶ እንደሻው ጎንበስ ብለው አብረዋት ለቀሙ።

"ለምን አለቀስሽልኝ?" አሏት። "እኔ ለባልሽ ወንበር የነፈግሁ ሰው።"

"እኔስ ምን አውቄ! ለካ ሰው ነፍጎኝም አለቅስለታለሁ።" አንዱን ቲማቲም በነጠላዋ ጠረገችው። "ደግሞ ወንበርህ ይመቻል። ይመቻል! ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።"

በማግስቱ አቶ እንደሻው አካፋውን ይዘው አቶ ገብረመድኅን ቤት ሄዱ። እድር ልግባ አሉ።

"ወንበሮቹስ?"

"ይገባሉ።"

"ዝናብ ቢሆንስ?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ቢሆንም።"

"እንግዲህ ግባ። አሁን በደስታ ሙት!" አሉ አቶ ገብረመድኅን፣ እጃቸውን እየጨበጡ። "ሰው ነው የሚጎርፍልህ። መቆሚያ ነው የሚጠፋው።"

አቶ እንደሻው አመስግነው ወጡ። መንገድ ላይ ሲያስቡት ግን፣ ያ ሁሉ ሰው የሚመጣው እሳቸው በሌሉበት ቀን ነው። እስከዚያስ? እስከዚያ ያለውን ማታ ሁሉ እድሩ አይሸፍነውም።

ኅዳር ላይ ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል፣ የአንዲት መምህርት እናት ሞቱ። ማህሌት ትባላለች፤ ከእናቷ ጋር ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ወንበሮቹ በባጃጅ ተጭነው ሄዱ። አቶ እንደሻው ንጣፋቸውን ለመጠበቅ ብለው አብረው ሄዱ። ማንም አላመናቸውም፤ ምክንያቱም ድንኳን ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ወንበሮቹን አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው አላዩም። ጠዋት መጥተው ማታ ይሄዳሉ። የሟች ወንድም ናቸው ብሎ እጃቸውን ይዞ ያጽናናቸው ነበር። ዝም ብለው ተጽናኑ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ፈረሰ። ሰው እግዜር ያጥናችሁ እያለ ተበተነ። የእድሩ ሰዎች ወንበሮቹን ጫኑ፤ አንድ ቀረ። ማህሌት ተቀምጣበታለች። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ሜዳ ሆኗል፤ እሷ መሐሉ ላይ ናት።

"ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ቆይተው ቢወስዷት?" አለች ሳትነሣ።

"ባጃጁ እኮ እየሄደ ነው፣ ልጄ።"

"ቤቱን ገና ልከፍተው አልፈልግም።"

አቶ እንደሻው ባጃጁን አዩ፤ እሷን አዩ። ከጭነቱ ላይ አንድ ወንበር አወረዱና ሾፌሩን ሂድ አሉት። ወንበሯ አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ። ነፋሱ በርዷል፤ የሰፈሩ ሰው በሩን እየዘጋ ነው።

"እማዬን ያውቋት ነበር?"

"አላውቃቸውም" አሉ። "እስቲ ንገሪኝ።"

ማህሌት ወሬውን ከእናቷ ቁጣ ጀመረች።