የአዲ አርቃይ ጭነት

የጭነት መኪና ሾፌሩ አላምረው ሬዲዮ አይሰማም ነበር፤ የአገሩን ወሬ የሚነግረው ጭነቱ ነው። ከጎንደር ወደ አዲ አርቃይ የሚሄደው ስኳርና አቡጀዲ ከበዛ፣ ገበሬው ጠግቧል፣ በጥር ሰርጉ ብዙ ነው ማለት ነው። በ1976 ግን ክረምቱ ከዳ። በዓመቱ ጥር ሲገባ የደገሰ ሰው አልተገኘም፤ ሰርግ ከሌለ ደግሞ አቡጀዲ ማን ይገዛል?

ዕቃዋን ሁልጊዜ በእሱ መኪና የምትልከው ነጋዴዋ ሽታዬ እንኳ ተወችው።

«አያ አላምረው፣ የሚገዛው ሰው እኮ እየተነቀለ ነው። ለማን ልላክ?»

«ለሊማሊሞ ዝንጀሮ ላኪለት!» ብሎ ቀለደባት። ግን ፈርቶ ነበር።

የፈራው እናቱን አስቦ ነው። እማማ እታገኘሁ አዲ አርቃይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ነዳጅ በኩፖን ነው፤ ኩፖኑ የሚሰጠው ጭነት ላገኘ ነው፤ ወደ እናቱ አገር ደግሞ ጭነት ጠፋ። በየጧቱ ስምሪት ቢሮ ደጅ ይጠናል፣ ተራው ሲደርስ ወደ ባሕር ዳር ይልኩታል። ከአዲ አርቃይ በኩል በእግሩ የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ስለ እናቱ ይጠይቃል፤ አይተናቸዋል የሚል የለም። እንቅልፍ አጣ። ሚስቱን ስንዱን ያለ ነገር ይቆጣ ጀመር።

አንድ ጧት የስምሪቱ ኃላፊ «አዲ አርቃይ ትሄዳለህ» አለው። ጭነቱ ምንድን ነው ቢል፣ ባዶውን ሄዶ ለሰፈራ የሚወሰዱ ሰዎች ጭኖ እንዲመለስ ተነገረው። ወታደሮች ከኋላ ተሳፈሩ። አላምረው ቅር አለው፤ ቢሆንም እናቴን ልያት እንጂ ብሎ ተነሣ።

ሊማሊሞን ወርዶ ከተማው አጠገብ ሲደርስ፣ ኩርባው ላይ ጡሩምባውን ነፋ። የንግድ መኪና ሾፌር ሁሉ እዚያ ኩርባ ላይ ይነፋል፤ ማርና ቆዳ የሚሸጠው፣ ጨው የሚገዛው ሰው ከየመንደሩ እንዲወጣ። የነፋው የለመደ እጁ ነው፤ ልቡ እናቱ ዘንድ ነበር።

ከተማው ጭር ብሏል። ሰፈራን የሸሸው ሰው ሁሉ ገደል ለገደል ተደብቆ ሰንብቷል። የሚያውቀውን ጡሩምባ ሲሰማ ግን «የአላምረው ማኪና ነው! ጨው መጣልን!» እየተባባለ ከየሥርቻው ወጣ። ከፊት የሚመጡት እናቱ ነበሩ፤ ከስተዋል፣ ግን በእግራቸው ይሄዳሉ። አላምረው በደስታ ከጋቢናው ሲወርድ፣ ወታደሮቹም ዘለው ወርደው ሕዝቡን ከበቡት።

«ምነው ልጄ፣ ባዶህን መጣህ? ጨው አልያዝክም?» አሉት እናቱ።

አላምረው እጃቸውን ያዘ። ይኸን ያየ አንድ ወታደር አዘነለትና «እናትህን ጋቢና አስገባት» አለው።

እማማ እታገኘሁ ዞረው ጎረቤቶቻቸውን አዩ። «የልጄ ማኪና ነው፣ ውጡ ያልኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። እጃቸውን ከልጃቸው እጅ አላቀቁና ከሰዉ ጋር መኪናው ላይ ከኋላ ወጡ።

አላምረው ከስንት ወር በኋላ ከአዲ አርቃይ ሙሉ ጭነት ይዞ ተነሣ።