የአዴ የላምባ ፍሪጅ

የላምባ ፍሪጁ ለሁለተኛ ጊዜ በተገለበጠበት ጠዋት አዴ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ሙሴ ከፍሪጁ በስተቀኝ፣ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል። ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌሩ በስተግራ፣ ሽርጡን ሰብስቦ ታጥቆ ይጠብቃል። ባሌ መስኮቱ ሥር፣ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጁ ይዟል። አዴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አንድ እግሬ ከደፉ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ።

ፍሪጁን እንደገና መገልበጥ ያስፈለገው በእኔ ጥፋት ነው። ሙሴ ግን የሚቆጣው አዴን ነበር።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ግቢውን ያሠራው የአዴ ባል ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ክፍሎቹ የቀበሌ ሆኑ፤ ለአዴ የቀራት የምትተኛበት ክፍልና በውስጡ ያለው ዕቃ ነው። አዴ ስሟ አይደለም። በኦሮምኛ እናትን ወይም በዕድሜ የገፋችን ሴት እንዲህ ይጠራሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሁላችን አዴ እንላት ነበር። ከደጋ የመጣሁ ስለሆንኩ ትልቅን ሴት አንቺ ማለት መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አንቱ ስላት ግን ዘወር ብላ ከኋላዋ ሰው እንዳለ ታያለች። በዚህ አስተወችኝ።

ፍሪጁን ባሏ የገዛው አገሩ ሊገባ ከተነሣ ግሪክ ነጋዴ ነው። ነጭ ነው፤ ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ በሩ ወፍራም ስለሆነ ሲዘጋ እንደ መጋዘን በር ድም ይላል። መብራት የሚባል ነገር አያውቅም። ከሥሩ ላምባ የሚሞላበት ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ዕቃ አለ፤ ከዚያ ላይ እንደ ፋኖስ ክር ወጥቶ ይነድዳል፤ ጭሱ በጀርባው ባለ ቱቦ ይወጣል። እሳት ከታች እየነደደ ከላይ በረዶ መሥራቱ እንዴት እንደሆነ ሙሴ ሁለት ጊዜ አስረድቶኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም።

አዴ ከፈጅር ሶላት ስትነሣ መጀመሪያ የምትሠራው ፍሪጁን ማየት ነበር። ወለሉ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ትንሽ የእጅ መስታወት ከሥሩ ታስገባለች፤ በመስታወቱ ውስጥ የእሳቱን ቀለም ታያለች። ሰማያዊ ከሆነ ትነሣለች። ቢጫ ከሆነ ክሩን በመቀስ ትከረክማለች፤ ጥቀርሻውን በጨርቅ ትጠርጋለች። እንደገና የምትለኩሰው በክብሪት አይደለም፤ ቁራጭ ወረቀት ጠምዝዛ ከከሰል ምድጃዋ እሳት ትወስዳለች። ክብሪት በቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚታደል ስለነበር ድርሻዋን ለጎረቤት ትሰጣለች እንጂ ቤቷ አይገኝም። ፍሪጁ አናት ላይ ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል። ፍሪጁ ትንሽ ካዘነበለ አይሠራም፤ ማዘንበሉን የሚናገረው ያ ውሃ ነው። ባሏ ሲተክለው ያስተማራት ይህንን ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላም ከቦታው አልነቀነቀችውም።

ሹፌሩ ይቀልድባት ነበር።

«አዴ፣ ወላሂ ቁርጡን ንገሪን። ይሄ ምድጃ ነው ፍሪጅ?»

«ያንተ መኪና ናፍጣ ጠጥታ ቢዮ አዋሌ ሳትደርስ ትሞታለች፤» ትለዋለች። «የኔ ላምባ ጠጥቶ ሃያ ዓመቱ። ማን ይሳቅ?»

በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሆን በረዶ ለግቢው ሁሉ ታከፋፍላለች፤ ያን ጊዜ ሹፌሩም ሳህን ይዞ ከተሰለፉት አንዱ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ ሥጋ አናስቀምጥባትም። አታስቀምጡ አላለችንም፤ እኛም ጠይቀናት አናውቅም።

የባሌ መድኃኒት ግን እዚያ ነበር። ባሌ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ስኳር አለበት፤ በየጠዋቱ መርፌ ይወስዳል። የድሬዳዋ ሙቀት ያንን መድኃኒት ያበላሸዋል። በፊት መብራት ያለው ፍሪጅ የነበረው አንድ ቡና ቤት እናስቀምጥ ነበር። በዚያ ዓመት መብራት ከሚኖርበት የማይኖርበት ቀን ይበዛል፤ መድኃኒቱ ሳናውቅ ተበላሽቶ ባሌ ሥራው ላይ ወደቀ። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ሲወጣ አዴ ሳንጠይቃት መጥታ፣ «ብልቃጦቹን እኔ ዘንድ አምጪያቸው፤» አለችኝ። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ አኖረችለት።

አንድ አርብ ፍሪጁ ማቀዝቀዙን ተወ። እሳቱ ሰማያዊ ነው፤ ውሃው አልተዛነፈም፤ በረዶው ግን ቀልጦ ወለሉ ላይ ወርዷል። ሦስት ብልቃጥ ነበር የቀረን። የሚቀጥለው ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጌ እንስራ ውስጥ አጠለቅኋቸው፤ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት።

ሙሴ ተጠራ። ሙሴ የባቡሩን የምግብ ፉርጎ ፍሪጆች ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከፈረንሳዮች ጋር ስለሠራ፣ አቶ ለማለት እንደነሱ ሙሴ አልነው። ፍሪጅ አይልም፤ ፍሪጎ ይላል። ጀርባውን ዳሰሰ፤ ጆሮውን ለጠፈበት።

«አቦ፣ ምንም አልሆነም፤» አለ። «ውስጡ ያለው ነገር አንድ ቦታ ተኝቷል። ይገለበጥ። አናቱ መሬት ሆኖ ውሎ ይደር። ከዚያ ይቁምና እንደገና ውሎ ይደር። እስከዚያ እሳት አይየው። ቸኩላችሁ ከለኮሳችሁ መልሶ ይተኛል።»

«ሃያ ዓመት ቀጥ አድርጌ ያኖርኩትን በጭንቅላቱ ላቁመው?» አለች አዴ።

«ቀስ በሉ፤» አለ ሹፌሩ ወደ በሩ እያየ። «መገልበጥ የሚለውን ቃል ደግሞ ዝቅ አድርጋችሁ ተናገሩ። ቀበሌ ቅርብ ነው።»

አዴ ብቻ አልሳቀችም። ላምባውን ራሷ አወጣች፤ ሳህኑን ራሷ አነሣች። ቅዳሜ ጠዋት ተገለበጠ፤ እሁድ ጠዋት ቆመ። ሰኞ ጠዋት ሙሴ መጥቶ ሊለኩሰው ቀጠሮ ሆነ።

እሁድ ረፋድ አዴ ለሐዘን መልካ ጀብዱ ሄደች። ላምባውን ሞልታ ቦታው መልሳዋለች። ድመት እንዳይገባ ቤቱን እዪልኝ ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ቀትር ላይ ብልቃጦቹን ለማየት ሄድኩ። እንስራው ውስጥ እጄን ባስገባ ውሃው ለብ ብሏል። ባሌ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። የወደቀ ዕለት ሲያመጡትም ያንኑ ጫማ አድርጎ ነበር። የግማሽ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል ብዬ አሰብኩ። የአዴን በር ከፈትኩ፤ ክሩን በክብሪት ለኮስኩ፤ በመስታወቱ አየሁት፤ ሰማያዊ ነበር። ቆልፌ ወጣሁ። ለማንም አልነገርኩም። ማታ ቁልፉን መለስኩላት።

ሰኞ ጠዋት ሙሴ ሲመጣ እሳቱ እየነደደ አገኘው። በሩን ከፍቶ እጁን አስገባ። ውስጡ እንደ ውጭው ሞቃት ነው። ባሌና ሹፌሩ ተከታትለው ገቡ፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ማነው የለኮሰው?»

ሙሴ በየተራ አየን።

«ተኝቷል መልሶ። እኔ ለማይሰማኝ ሰው ወገቤን አልሰብርም። ከዛሬ ጀምሮ ልብስ አስቀምጡበት።» ቆቡን ከምስማሩ አወረደ።

መናገር ነበረብኝ። ባሌ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባዶው ኩባያ ያይ ነበር። እኔ ነኝ ብል ሙሴ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሙሴ ከሄደ ብልቃጦቹ የሚገቡበት የለም። ይህን አሰብኩ ብል እውነት ነው። አፍሬ ዝም አልኩ ብልም እውነት ነው።

«እኔ ነኝ፤» አለች አዴ።

«አንቺ?»

«ከመልካ ጀብዱ ስመለስ። እጄ አላርፍ አለኝ።»

«አዴ፣ ግቢውን ሁሉ ሰብር፣ ታገሡ ስትዪ ኖረሽ፣ ለአንድ ቀን አቃተሽ?»

«አቃተኝ።»

«ልጅ ብትሆኚ ይገባኛል።»

«አርጅቻለሁ። አንድ ጊዜ ገልብጥልኝ። ሁለተኛ አልጠራህም።»

ሙሴ ሌላ ሰው ቢሆን ይሄድ ነበር። እሷን እምቢ ማለት አልቻለም። ቆቡን መልሶ ሰቀለ፤ እየተነጫነጨም ጎንበስ አለ። እሳቱ ጠፍቶ፣ ላምባው ወጥቶ፣ ቱቦው እስኪበርድ ጠበቁ። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ። ባሌ ለማገዝ ሳህኑን ለእኔ ሰጠኝ። ሦስቱ ሲያነሡት ውሃው ከዳር እስከ ዳር ሄዶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢው እንጂ፤» አለኝ ባሌ። «እኛ ፍሪጅ ተሸክመን፣ አንቺ ውሃ አቃተሽ?»

«ተዋት አቦ፤» አለ ሹፌሩ። «ሳህኑም መገልበጥ አምሮት ነው።»

አዴ አልጋዋ ላይ ሆና ጨርቅ ወረወረችልኝ። እግሬን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ የእንስራውን ውሃ በየሁለት ሰዓቱ ለወጥኩ። ማክሰኞ ፍሪጁ ተቃንቶ በእግሩ ቆመ። ረቡዕ ጠዋት አዴ በሙሴ ፊት በወረቀት ለኮሰችው። መድኃኒቱ እንዳልተበላሸ በእርግጥ ያወቅነው ከሳምንት በኋላ፣ ባሌ ተመርምሮ ሲመለስ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖሯል።

ዛሬ ቤቴ ያለው ፍሪጅ በመብራት የሚሠራ ነው። ያመጡልኝ ቀን አናቱ ላይ ውሃ በሳህን አስቀምጬ ቀጥ ማለቱን አየሁ። የተሸከመው ሰውዬ ለብቻው ሳቀ። ሳህኑ አሁንም እዚያው ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አዴ ከበረንዳው ላይ ጠራችኝ። ብልቃጦቹን ይዤ ሄድኩ። የፍሪጁን በር ከፍታ አሳየችኝ። የላይኛው ግድግዳ ላይ እንደ ጨው የደቀቀ በረዶ ይዟል። ጆሮ የሌለው ኩባያ ታጥቦ ቦታው ላይ ነበር። ሦስቱን ብልቃጦች አንድ በአንድ አስገባሁ። በሩን ዘጋችው፤ ድም አለ።

«አዴ፣» አልኳት፣ «እሁድ ዕለት…»

መስታወቷን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ከትራሷ ሥር አንድ ነገር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የእኔ ክብሪት ነበር፤ ግማሽ ድረስ አለ።

«በኩፖን የሚገኝ ነገር ፍሪጅ ሥር እንዲህ ይጣላል?» አለችኝ።

ክብሪቴን ይዤ ወጣሁ።