ጤነኛውንም ልጄን እዩልኝ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጋ ላይ፣ ሁምቦ ውስጥ ነው። እስካሁን ለማንም በወጉ አልተናገርኩትም። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ "የመስክ ድካም ነው" ብዬ አልፌያታለሁ። ድካም ግን አይደለም። ጥፋት ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ሶዶ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪዎች አስተምራለሁ። ትምህርታችን ስለ ጡንቻና ጡንቻን ስለሚያደክሙ በሽታዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ የሚይዘው ወንዶች ልጆችን ነው። ልጁ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል፣ ድክ ድክ ይላል፣ ይሮጣል። ከዚያ መውደቅ ያበዛል። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው መራመድ ያቆማል። በሽታው በእናት በኩል ስለሚመጣ ታናሽ ወንድም ካለ እሱም ሊያዝ ይችላል። ትንሽ የሚያዘገይ ክኒን አለ፤ የሚያድን የለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ደንብ አስይዛቸዋለሁ። እናትየውን ቁጭ አድርጋችሁ ሳታነጋግሩ፣ ማወቅ ትፈልግ እንደሆነ ሳትጠይቁ፣ የታመመውን ልጅ ወንድም አትመርምሩ። ለሰው ሳይዘጋጅ መርዶ አይነገርም እላቸዋለሁ። አፌ ላይ ያምራል።

የዚያን ቀን ከተማሪዬ ከአስቴር ጋር ነበርኩ። አስቴር የቦዲቲ ልጅ ናት። እኔ የደሴ ሰው ነኝ፤ ሶዶ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝም ወላይትኛዬ ከሰላምታ አላለፈም። የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። መኪናው ሁምቦ፣ ተበላ ከተማ ላይ አውርዶን ቀሪውን በእግራችን ሄድን።

የሄድነው ታሪኩ የሚባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለማየት ነው። መራመድ ካቆመ ዓመት አልፎታል። እናቱ ማንጎ ጥላ ሥር ቆዳ አንጥፋ አስቀምጣው ጠበቀችን። የእጁን ጉልበት ለክተን ጨረስን። ለማወዳደሪያ የቀጠርነው ጤነኛ የጎረቤት ልጅ ግን ከእናቱ ጋር ገበያ ወርዷል ተባለ። ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ መጥቼ ቅጹ ሳይሞላ ልመለስ ነው ብዬ ነደደኝ።

የታሪኩ እናት የተቀቀለ በቆሎ አቀረበችልን። በእሷ ቤት እንግዳ የታመመውን ልጅ ብቻ አይቶ አይሄድም። የአምስት ዓመቱን ታናሽ፣ ምሕረቱን፣ አጥባ የእሁድ ልብሱን አልብሳ አመጣችው። ተበላ ገበያ ስለምትነግድ አማርኛ ትሞካክራለች።

"ጤነኛውንም ልጄን እዩልኝ" አለችኝ። "ጌታ በሱ ካሰኝ። ባቱን እይ፣ እንዴት ወፍራም ነው። አራሽ ይሆናል።"

ባቱን አየሁ። በዚህ በሽታ ባት እንደሚወፍር በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

አስቴር ጠጋ ብላ "ዶክተር፣ ወንድሙ እኮ ነው። ሌላ ቀን ብንመለስስ?" አለችኝ።

"ሲሮጥ እያየሽው!" አልኳት። "አንዴ ቁጭ ብሎ ይነሳና ቅጹን በእሱ ሞልተን እንሂድ።"

ምሕረቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አስቴር ተነስ ስትለው በሆዱ ዞረ፣ በሁለት እጁ መሬቱን ተደገፈ፣ መቀመጫውን ወደ ላይ አነሳ። ከዚያ ጉልበቱን ያዘ፣ ከጉልበቱ ጭኑን፤ የራሱን እግር እንደ ዛፍ እየወጣ ቀጥ አለ። ቆሞ ሳቀ። እናቱ አጨበጨበችለት።

አስቴር አላጨበጨበችም፤ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ የሚነሳው እንዲህ እንደሆነ ታውቃለች። እኔ ግን ሳላስበው ጎበዝ አልኩት።

እናቱን ከልጁ ደም እንውሰድ ስንላት ለምን ብላ አልጠየቀችም። ክንዱን ራሷ ያዘችልን። ውጤቱ የፈራነው ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልንነግራት ስንመለስ ምሕረቱ ገና በሩቅ ሲያየኝ ሮጦ መጣ፣ ማንም ሳያዘው ቁጭ አለ፣ እንደዚያው ተነሳና ጎበዝ እስክለው ቆሞ ጠበቀኝ። አልኩት፤ ምን ላድርግ?

ያወቅነውን ሁሉ አስቴር በወላይትኛ ነገረቻት። እናትየዋ አላለቀሰችም። የልጁን አፍንጫ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ወደ አስቴር ዞርኩ።

"ምን አለች?"

"ይቅር ዶክተር።"

"ንገሪኝ።"

"'ባትነግሩኝ ኖሮ እስከ መቼ ጤነኛ ሆኖ ይቆይልኝ ነበር?' ነው የምትለው።"

መልሱን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት። ያን ያህል ጊዜ እሁድ እሁድ አልብሳው፣ ሰው ፊት አቁማው፣ ጌታን ታመሰግን ነበር። ለአንድ የቅጽ መስመር ብዬ ወሰድኩባት።

የሥራ ባልደረቦቼ ክኒኑን በጊዜ መጀመሩ ጥሩ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ግን አያጽናናኝም። እሷ እስክትዘጋጅ ብጠብቅም ክኒኑ ይደርስ ነበር። ዘንድሮም አዲስ ለገቡት ተማሪዎች ደንቡን ስናገር አስቴር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ወደ እሷ አላየሁም።

ክኒኑን በየወሩ የምታደርሰው አስቴር ናት። እኔ ከዚያ ወዲህ ወደ ሁምቦ አልወረድኩም። ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። እናትየዋን አይደለም የምፈራው። አንድ ቀን ምሕረቱ ሲያየኝ ጎበዝ እንድለው ቁጭ ይልልኛል፣ መነሳት ግን ያቅተዋል።