ቀዩን መብራት አላታልልም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሽቦ አልነካሁም። ጉድጓድ ስቆፍር ዋልኩ። አለቃዬ ጋሽ ዳንጊሶ ዶማ ሰጥቶኝ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ አንድ ግቢ ጥግ ላይ ቆፍር አለኝ። የመዳብ ዘንግ የሚቀበርበት ነው፤ ከቤቱ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው ሳይዝ ወደ መሬት የሚወርድበት።

«ሽቦ መቼ ነው የምነካው?» አልኩት።

«መሬቱን ስታውቅ» አለኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ወረቀት የለኝም። ግን እኔ በዘረጋሁት ሽቦ እስከ ዛሬ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው የለም። ይህን ደግሞ ወረቀት ያለው ሁሉ አይለውም።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። መናኸሪያ ያለ አንድ መደብር ቻርጀር ሲሸጥ የምገጥመው እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት አዲስ ከተማ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሰዓዳ ቤት ላከኝ።

«ትልቁን ነው የገዛሁት ጋሼ፣ ቶሎ እንዲሞላልኝ» አለችኝ።

ከቆጣሪው የሚመጣውን ሽቦ አየሁት። ቀጭን ነው። ምድጃውንም ውሃ ማሞቂያውንም የተሸከመው እሱ ነው።

«መኪናሽን አይተሽ ገዛሽ። ቤትሽን ማን አየልሽ?» አልኳት። ሳቀች።

ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ብሬከሩን ሳነሳ ቀይ አበራ። መሬት አላገኘሁም፣ አልሠራም ማለቱ ነው። እኔም ብሆን አልሠራም። ቢጫና አረንጓዴውን የመሬት ሽቦ ተከትዬ ብሄድ፣ ቤቱን የሠራው ሰው ለይምሰል ግድግዳ ውስጥ ከትቶት ኖሯል። መሬት የሚባል አልነካም።

የመደብሩ ኢንጂነር ሚኪ በባጃጅ ደረሰ። ቀዩን አይቶ ሳቅ አለ።

«ፋዘር፣ ይቺማ ቀላል ናት። የመሬቱን ከኒውትራሉ ጋር አገናኛት። መሬት ያገኘ ይመስለዋል።»

«ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ የተበጠሰ ዕለትስ?»

«አይበጠስም።»

«እዚህ ከተማ ስንቱ ሲበጠስ አይቻለሁ። ያን ዕለት ኤሌክትሪኩ የመኪናው ቆርቆሮ ላይ ነው የሚቀመጠው።» ወደ ሰዓዳ ዞርኩ። «መኪናውን ማን ነው የሚያጥበው?»

«ልጆቼ።»

«በጫማ?»



ሚኪ ለባለ መደብሩ ደውሎ ስልኩን አቀበለኝ።

«አባባ፣ ደንበኛ አያጉላሉብኝ» አለኝ ባለ መደብሩ። «አገናኝተው ይምጡ። እምቢ ካሉ ሌላ ባለሙያ አለ፤ ከእንግዲህ አልጠራዎትም።»

«ሌላውን ጥራ» አልኩት። «የኔ እጅ ያለበትን ግን ነቅዬ ነው የምወጣው።»

ስልኩን መለስኩ፣ ብሬከሩን አወረድኩ፣ «መሬት ከተፈለገ ግቢው ተቆፍሮ ዘንግ ይቀበራል» ብዬ ሽቦዬን መፍታት ጀመርኩ።

ሰዓዳ ግቢዋን አዲስ ሴራሚክ ካስነጠፈች ገና ሳምንቷ ነበር። ሴራሚኩን አየች፣ እኔን አየች።

«ስንት ንጣፍ ይነሳል?»

«አንድ።»

«ይቆፍሩ ጋሼ።»

በዚህ ዕድሜዬ እንደ መጀመሪያው ቀን ቆፈርኩ። አፈሩ ከላይ ደረቅና ልል ነው፤ እርጥቡ እስኪገኝ መውረድ ነው። ሚኪ ጥላው ውስጥ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ዘንጉን ቀበርኩ፣ በመለኪያ ለካሁ፣ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከርም ጨመርኩ። ከዚያ ቻርጀሩን ከፍቼ ውስጡ ያለችውን ማስተካከያ ወደ አስራ ስድስት አምፔር አወረድኳት።

«ሠላሳ ሁለት የሚችለውን?» አለ ሚኪ።

«እሱ ይችላል። ሽቦው አይችልም።»

ብሬከሩን ሳነሳ አረንጓዴ በራ።

«ታዲያ ቶሎ አይሞላልኝም ማለት ነው» አለች ሰዓዳ።

«አይሞላም። ምድጃው ሲጠፋ ሰክተሽው ተኚ። እሱ ቀስ ብሎ ሲሞላ ያድራል።»

መደብሩ ከዚያ ወዲህ አልጠራኝም። እኔም አልደወልኩም።

ቻርጀር የሚመረጠው በቤቱ ሽቦ ነው፣ በመኪናው አይደለም። ቀይ ካበራና መሬት ከሌለ፣ ቆፍሩ።